ጥጥ የጎረሰችው እናት

ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝናቡ እስኪያባራ እናንተም የትም አትሄዱም፤ እኔም የትም አልሄድም። ላሟ በረቷ ገብታለች፤ ተረቱ ግን አሁን ሊወጣ ነው። «እሺ» በሉኝ። ምን እንደ ታመመ ጥጃ ታቃስታላችሁ፣ ጮክ በሉ እንጂ። እንደሱ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ እህትህን መቆንጠጡን ተውና ስማ።

ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት ሳትወለድ፣ አንድ ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ አገር ነበር። በዚያ አገር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ ታሳድጋለች። የልጅቱ ስም ዘርፌ ነው። እናትና ልጅ የሚኖሩት በጥጥ ነበር። እናት ጥጡን ከፍሬው እየለየች ትዳምጣለች፣ ልጅ ትነድፋለች፣ እናት መልሳ ትፈትላለች።

ጥጥ ሲነደፍ ያያችሁ አላችሁ? የላችሁም። እናንተ ልብስ ከዛፍ የሚለቀም ይመስላችኋል። ጥጥ የሚነደፈው በደጋን ነው። ደጋን የጎበጠ እንጨት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት ይወጠርበታል። ጅማቱን ወደ ጥጡ አስጠግተው በጣት ሲመቱት ድም ይላል፤ ጥጡም እንደ አረፋ ይነሳል። ዘርፌ ድም፣ ድም፣ ድም ስታደርግ ትውል ነበር። ጣቷ ጠነከረ። ጆሮዋም ጅማቱ ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ ይሰማ ጀመር።

አንድ ቀን እናቷ ከወንዝ ስትመለስ ምን አየች? ዘርፌ በደጋኑ ላይ የሸምበቆ ዘንግ ደግናለች። አጥሩ ላይ አሮጌ ቅል ተሰቅሏል። ድም አለ። ሸምበቆው ቅሉን መሀል ለመሀል በሳው።

እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የእንጀራቸው መሣሪያ ነዋ። ግን ቅሉን አየችና አፏን ዘጋች።

«ድገሚው እስቲ» አለች።

ዘርፌ ደገመችው፤ መታች። ሠለሰችው፤ መታች።

«እኔ ጣትሽን ያሠለጠንኩት ለጥጥ ነበር» አለች ማንጠግቦሽ። «ጣትሽ ግን የራሱ ሐሳብ አለው።»

ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ዓመቱን ሙሉ የፈተለችውን፣ ለራሷ ጋቢ ሊሆናት የነበረውን ፈትል ተሸክማ ቀስት ሠሪው ዘንድ ሄደች። ፈትሉን ሰጥታ ለልጇ ልክ የሆነ ቀስት ይዛ ተመለሰች። ያን ዓመት ብርዱን ያለ ጋቢ አሳለፈችው። ሰው ሁሉ «ሴት ልጅና ቀስት ምንና ምን ናቸው?» አላት። እሷም «ሸምበቆው ወንድ ነሽ ሴት ብሎ አልጠየቃትም» ብላ መለሰች።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ጥጥ ተለቅሞ ሲያበቃ ወጣቶች በቀስት ይወዳደራሉ። ገበያው ሜዳ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ቅል ይንጠለጠላል። ተወዳዳሪው ስልሳ እርምጃ ርቆ ይቆማል። ለአንድ ሰው አንድ ፍላጻ ነው። ውድድሩ ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ አንዴ በጥር፣ አንዴ በየካቲት፣ አንዴ በመጋቢት። በመጋቢቱ ንጉሡ ራሱ ይመጣል። ያን ቀን ቅሉን የመታ የንጉሡ ቀስተኛ ይሆናል። ደጉ ልማድ ይኼ ነው። ክፉውን ስሙ ደግሞ። ሦስቱንም ጊዜ የሳተ ቀስቱ ከዋርካው ሥር ይሰበራል፤ ዕድሜ ልኩንም ቀስት አይነካም። ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው አላውቅም። ያመጣው ሰው ግን ልጅ ያልወለደ መሆን አለበት።

ማንጠግቦሽ አንድ ጎረቤት ነበራት። አያ ድልነሳ ይባላል። ሀብታም ነው፤ ድምፁም እንደ ሀብቱ ትልቅ ነው። ልጁ ደምለው የአገሩ ጎበዝ ነበር። ክንዱ የዋንዛ ግንድ ያህላል። ደምለው ቀስት በያዘ ቁጥር አባቱ ከጀርባው ይቆማል። «ትከሻህን ዝቅ። ክርንህን ቀና። እግርህን ሰብሰብ።» ጠዋት ይኼ ነው፤ ከሰዓት ይኼ ነው። ደምለው መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

«ማንጠግቦሽ» አላት ድልነሳ ከአጥር ማዶ ሆኖ፣ «ልጅሽ ጥጧን ትንደፍ። ቀስት የክንድ ነገር ነው።»

«ክንድ ቀስቱን ይስባል፣ አያ ድልነሳ» አለችው። «ቅሉን የሚያየው ግን ዓይን ነው።»

እንግዲህ ጥር ደረሰ። በዋዜማው ማንጠግቦሽ መቀመጥ አቃታት። «ለልጄ ምን ላድርግላት? ለልጄ ምን ላድርግላት?» እያለች ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ትላለች። በዚያ አገር የሚወደድ ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል። ሕፃን ሲወለድ ቅቤ። ሙሽራ ስትዳር ቅቤ። አንቀልባ ሲደርቅ ቅቤ። ስለዚህ ዘርፌ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እናቷ ቀስቱን አወረደች። ጅማቱን ለጋ ቅቤ ቀባችው። አሸችው። ፀሐይ አስመታችው። ደግማ ቀባችው። ጅማቱም ልስልስ አለ፤ እሷም ደስ አላት።

በማግስቱ ደምለው ቀድሞ ወረወረ። አባቱ ከኋላው እየጮኸ፣ በክንዱ ብርታት ቅሉን መታ። ቀጥሎ ዘርፌ ቆመች። ዘርጋ አድርጋ ሳበች፤ ለቀቀች። ጅማቱ ድም አላለም። ፍስስ አለ። ፍላጻው አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ መሬት ላይ ተኛ።

ሕዝቡ ሳቀ። አያ ድልነሳ አንድ ጣቱን አነሳ። «አንድ» አለ።

እቤት ሲደርሱ ዘርፌ ጅማቱን ዳሰሰች፤ ጣቷንም አሸተተች።

«እማ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«ቅቤ ቀባሁት፣ ልጄ። እንዳይደርቅብሽ ብዬ።»

ዘርፌ ጅማቱን ፈታችው። ከዚያ «ጅማት ቅቤ ሲጠጣ ይላላል፣ እማ» አለች። ማንጠግቦሽ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሁለተኛ ቀስቱን ላትነካ ማለች። ማላም አልነካችውም።

የካቲት ደረሰ። ዘርፌ አዲስ የፍየል ጅማት ወጥራለች። እናቷ እንደ ማለችው ከቀስቱ ርቃ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። «ለልጄ ምን ላድርግላት?» ትላለች በሆዷ። ደምለው ወረወረ፤ አሁንም መታ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ዘርፌ ተራዋ ደረሰ። ሳበች። ትንፋሿን ያዘች። ዓይኗ ቅሉ ላይ ተተከለ። እናቷ ልጇ እንዲያ ቀጥ ብላ መቆሟን ስታይ ልቧ ሞላ። እጇን ከትታለች፤ አፏን ግን የት ትክተተው? እልል አለች። እናት እልል ካለች ሴቱ ሁሉ መቀበል ደንብ ነው። ሴቱ ሁሉ እልል አለ።

የዘርፌ ጣት ደንግጦ ለቀቀ። ፍላጻው ሽቅብ ሄደ። ከቅሉ በላይ፣ ዋርካው ላይ፣ የአንድ ሰው ንብ ቀፎ ነበር። ቀፎውን ከመሀሉ በሳውና መሬት ጣለው።

ከዚያ የሆነውን አትጠይቁኝ። ገበያው ተበተነ። ቅቤ ሻጭ ቅቤዋን፣ ጨው ሻጭ ጨውን ጥሎ ሮጠ። አያ ድልነሳ ፊቱን በጋቢው ጠቅልሎ ሲሮጥ ከቆመች አህያ ጋር ተጋጨ፤ አህያዋም ዝም አላለችውም። ያም ሆኖ፣ ከንፈሩ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሁለት ጣቱን ማንሳት አልረሳም። «ሁለት» አለ።

ሳቁ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ። ማንጠግቦሽ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። እቤቷ ገብታ ልጇ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«ዘርፌ፣ ልጄ፣ ይቅርብሽ። በመጋቢት አትሂጂ። ካልሄድሽ ቀስትሽ አይሰበርም።»

«ካልሄድኩም ተሰቅሎ ይቀራል፣ እማ። ምን ልዩነት አለው?» አለች ዘርፌ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ እኔ ከሳትኩ ይሰበር። እስካሁን ግን የሳትኩት እኔ አይደለሁም።»

ይህ ቃል እናትን ወጋት። እውነት ስለሆነ ነው የወጋት። አለቀሰች። ልጅቱም አለቀሰች። ሲወጣላቸው ማንጠግቦሽ ዓይኗን ጠርጋ፣ እስከዚያ ቀን ለራሷ ብቻ ስትጠይቅ የኖረችውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ጠየቀች።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ዘርፌ አሰበች። «የምታውቂውን አድርጊልኝ» አለች። «የማታውቂውን ለኔ ተዪልኝ።»

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ቀፎው የወደቀበት ሰውዬ ዘንድ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ሰውዬው ማሩን አንስቶ ሰፈፉን ጥሎታል። «ሰሙን ከፈለግሽ ውሰጂው» አላት። እሷም ምን ይጠቅማል ሳትል ቋጥራ ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ስትለማመድ እናት ፍላጻ ትለቅማለች። ከቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከእሾህ ውስጥ፣ ከድንጋይ ሥር እየፈለገች ታመጣለች። እጇ ተቧጭሮ አለቀ። ልጅቱ ስትመታ ዝም ትላለች፤ ስትስትም ዝም ትላለች። ልጆቼ፣ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማንጠግቦሽ ቀን ሙሉ ከምትፈትለው ይልቅ ያ ዝምታ ያደክማት ነበር።

መጋቢት ሲገባ፣ ውድድሩ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ማንጠግቦሽ እየፈተለች ሳለ እንዝርቷን አቆመች። ክሩ እጇ ላይ ከበዳት። ሠላሳ ዓመት የፈተለች ሴት ክር ሲከብድ ታውቃለች፤ አየሩ ውኃ ይዟል ማለት ነው። ወደ ሰማይ አየች። ደመና የለም። ክሩ ግን አይዋሽም። ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ሊመጣ ነው። ጅማት ደግሞ ውኃ ሲጠጣ፣ ቅቤ እንደጠጣው ሁሉ ይላላል።

የምታውቀውን ማድረግ ጀመረች። ቀጭን አድርጋ ፈተለች። አሥራ ሁለት ክር ባንድ ላይ ገመደች፤ ገምዳ መልሳ ደረበች። ከዚያ የወደቀውን ቀፎ ሰም አወጣች። ክሩን በሰም አሸችው፤ ሰሙ ውስጡ እስኪገባ ድረስ ባውራ ጣቷ አሸችው። ውኃ ብታፈስበት ውኃው ተንከባሎ ወረደ። ስትጨርስ ቀስቱን አልነካችም። ገመዱን ይዛ ለልጇ ሰጠቻት።

«ሞክሪው፣ ልጄ። ካልተስማማሽ ጣይው።»

ዘርፌ ወጠረችው። በጣቷ መታችው። ድም አለ። ጆሮዋን አስጠግታ ደግማ መታችው።

«ይኼ የደጋናችን ድምፅ ነው» አለች፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

የመጋቢቱ ቀን ደረሰ። ንጉሡ መጣ፤ ዝናቡም መጣ። ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ጠነከረ። የቀስተኞቹ አለቃ ንጉሡን እጅ ነሥቶ «ጃንሆይ፣ ለነገ ብናቆየው?» አለ። አያ ድልነሳ ከሕዝቡ መሀል ብቅ አለ። የማንጠግቦሽን ልጅ ቀጭን ክንድ አይቷል፤ የልጁንም ወፍራም ክንድ አይቷል። በዝናብ ብርቱ ያሸንፋል ብሎ አስቧል።

«የንጉሥ ቀጠሮ በዝናብ አይፈርስም» አለ። «ዝናብ የሚፈራ እቤቱ ይቅር።»

ንጉሡም «ይሁን፤ ዛሬ ይሁን» አለ። ሽማግሌዎች ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም የሚሉት ይህን ጊዜ ነው።

አንዱ ወረወረ፤ ፍላጻው ሠላሳ እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ሌላው ወረወረ፤ ሃያ ሄዶ ወደቀ። የሁሉም ጅማት ውኃ ጠጥቷል። ደምለው ተራው ደረሰ። ጅማቱን በጣቱ ነካ አደረገው።

«አባባ፣ ላልቷል» አለ።

«ዝም ብለህ ሳብ» አለ አባቱ። «ትከሻህን ዝቅ። ክርንህን ቀና። ሳብ ነው የምልህ።»

ሳበ። ያን የሚያህል ክንድ ሳበና ለቀቀ። ፍስስ አለ። ፍላጻው ከዋርካው ሥር ሳይደርስ ጭቃ ላይ ተተከለ። ደምለው ዞሮ አባቱን አላየም፤ ጭቃውን ነው ያየው።

መጨረሻዋ ዘርፌ ናት። ከሳተች ቀስቷ እዚያው ይሰበራል፤ የቀስት ሰባሪው መጥረቢያ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሀል ናት። ጉሮሮዋ አሳከካት። ራሷን ታውቃለች። ከመቀነቷ አንድ እፍኝ ጥጥ አወጣች። ጎረሰችው። ሌላ እፍኝ ጨመረች። ጉንጯ አበጠ፤ ዓይኗ ፈጠጠ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አዩዋት። እናት ሳትቀድም እልል አይባልምና እነሱም ዝም አሉ። ገበያው ሁሉ ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ዘርፌ ሳበች። ዝናቡ ከክሩ ላይ ተንከባሎ ወረደ። ትንፋሿን ያዘች። ለቀቀች።

ድም።

ቅሉ ለሁለት ተከፈለ።

ሁሉም ማንጠግቦሽን ነው የሚያየው። እሷ ግን ጥጧን እንደ ጎረሰች፣ እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ እየወረደ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። መተንፈስም የረሳች ትመስላለች። ዘርፌ ቀስቷን ዝቅ አድርጋ ዞረች። እናቷን ፈለገቻት። አገኘቻት።

«እማ» አለች፣ «አሁን ይቻላል።»

ማንጠግቦሽ ጥጡን ተፋችው። የጥርን፣ የየካቲትን፣ የመጋቢትን እልልታ ባንድነት አወጣችው። ሴቱ ሁሉ ተቀበለ። የንጉሡ በቅሎ እንኳ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

አያ ድልነሳ ግን ሮጦ ንጉሡ ፊት ቆመ። «ጃንሆይ፣ ይህቺ ልጅ የወጠረችው ክር ነው። ቀስት በጅማት ነው።»

ንጉሡ አለቃውን «ሕጉ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀው።

«ሕጉ አንድ ሰው፣ አንድ ፍላጻ፣ ስልሳ እርምጃ ይላል፣ ጃንሆይ። ስለ ጅማት ያለው ነገር የለም።»

ንጉሡ ዘርፌን ጠራት። «የኔ ቀስተኛ ሆነሻል። ሌላ ምን ልስጥሽ?»

ዘርፌ ወደ ዋርካው ሥር አየች። የብዙ ልጅ ቀስት ተሰባብሮ ተከምሯል። መጥረቢያውም ዝናብ እየመታው እዚያው አለ።

«ቀስት አይሰበር፣ ጃንሆይ» አለች። «የሳተ ተመልሶ ይሞክር።»

ንጉሡ ብዙ አላሰበም። «ከዛሬ ጀምሮ ቀስት አይሰበርም» ብሎ ፈረደ። መጥረቢያውንም እንጨት ፈላጭ ወሰደው። ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ የሳቱት ልጆች ሁሉ እፎይ አሉ። ከኋላቸው የቆሙት እናቶችና አባቶችም እፎይ አሉ።

«አንተ ደግሞ» አለ ንጉሡ ወደ ድልነሳ ዞሮ፣ «ቀጠሮ በዝናብ አይፈርስም ያልክ አንተ፣ ስትጮህም የዋልክ አንተ። ከእንግዲህ ልጅህ ቀስት በያዘ ቁጥር አንተ ሁለት እፍኝ ጥጥ ትጎርሳለህ። ጥጡን ማንጠግቦሽ ትሰጥሃለች።»

አገር ሳቀ። ደምለው መጀመሪያ ሊስቅ ፈርቶ ነበር፤ በኋላ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ። ወደ ማንጠግቦሽም ጠጋ ብሎ «እማማ፣ እንዲያ ዝም ማለት እንዴት ቻልሽ?» አላት።

«አልቻልኩም፣ ልጄ» አለችው። «ጥጡ ነው የቻለው።»

በዓመቱ ደምለው ተመልሶ ቆመ። አባቱ ከኋላው ነበር፤ ጉንጩ አብጦ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ጥጡን ጎርሶ። ደምለው ጊዜ ወስዶ ሳበ፤ ቅሉንም መታ። ዞሮ አባቱን ሲያየው ድልነሳ ያለቅሳል፤ አፉ ግን አንድ ቃል አላወጣም። ደምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቱን መውደድ ቀለለው ይባላል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጅማት በቅቤ ላላ፣ ፍላጻ በእልልታ ሳተ። ሁለቱንም ያደረገችው የምትወድ እናት ናት። ልጅም እንደ ቀስት ነው፤ የሚደግፈው ሰው እጁንም አፉንም ይወቅ። ለዚህ ነው አባቶቻችን ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የሚሉት።

ዝናቡ አባርቷል፤ ተረቴም አባርቷል። ሂዱና ለነገርኳችሁ አፌን በዳቦ ሙሉልኝ። አደራ፣ በጥጥ ግን እንዳይሆን።